ለመጽሔቱ ማን ነገረው?

አዲሱ መጽሔት ሱቃችን የደረሰው ሐምሌ ውስጥ፣ ለንደን እንደ አቅሟ ሞቅ ባለችበት ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ኬንቲሽ ታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ ጋዜጣ፣ ሲጋራና ከረሜላ የሚሸጥ ሱቅ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ቆጵሮሳዊ ነው። ጦርነት ከመንደሩ አፈናቅሎት የመጣ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር፤ ስለ አገሬ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ለዚህ ጠባዩ እወደው ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን እኛ ስደተኞች የሚጠይቅ ሰው አንወድም ነበር። «ከየት ነሽ?» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ጫማውን ነበር፤ የደኅንነት ሰው ሌላው ቢቀር ጫማው ያጋልጠዋል ይባል ስለነበር።

የጠዋቱን ጋዜጣ እሽግ ሲባጎ በመቀስ ስቆርጥ ከመካከሉ ደማቅ ነገር ወጣ። ባለ ሥዕል የልጆች መጽሔት ነው፤ እንግሊዞቹ ኮሚክ የሚሉት። የመጀመሪያ ቁጥር መሆኑ በትልቁ ተጽፏል። ሽፋኑ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ፊሽካ ተለጥፎ አጠገቡ «የነጻ ስጦታ» ይላል። እኔ የነጻ ስጦታ አውቃለሁ። ቀበሌያችን አንድ ጊዜ ሳሙና በነጻ አድሎን፣ በሳምንቱ ሳሙና የወሰደ ሁሉ ስብሰባ ተጠራ። መጽሔቱን ፊሽካውን ሳልነካ መደርደሪያ ላይ ደረደርኩት።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ መንገዱ በሙሉ በፊሽካ ተናወጠ። እንግሊዞቹ ጆሯቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ ከባንኮኒው በስተጀርባ አንገቴን ቀብሬ ቀረሁ። አገር ቤት እኛ ሰፈር ፊሽካ የሚነፉት የአብዮት ጥበቃዎች ነበሩ፤ ሲነፋ ደግሞ በር ይዘጋል እንጂ አይሳቅም። ቆጵሮሳዊው አየኝና ፊቱን ወደ መደርደሪያው መለሰ።

አንዱን ገዝቼ ቤት ይዤው ገባሁ። ኮሚክ የማነበው እንግሊዝኛ ለመማር ነበር፤ ቃሉን ባላውቀው ሥዕሉ ይነግረኛል። መጽሔቱ ብዙ ታሪኮችን አንድ ላይ የያዘ ነው። እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ገጽ ይሄድና ልብ ሲሰቅል «በሚቀጥለው ሳምንት» ብሎ ጥሎሽ ይሄዳል። እግሩ የተሰበረ የኳስ ተጫዋች አለ፤ ባሕር ውስጥ ከአውሬ ጋር የሚተናነቅ ጠላቂ አለ፤ መናፍስት የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አለ። የመጨረሻው ታሪክ ግን ሌላ ፕላኔት ላይ ነው። ፕላኔቱ ሁለት ፀሐይ አለው፤ ወታደሮቹ ስድስት ስድስት ጣት አላቸው። አገሩን የሚገዛው አባሎቹን ማንም አይቷቸው የማያውቅ ኮሚቴ ነው።

ኮሚቴ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ወንበሬን ከመስኮቱ አራቅኩ።

ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት ወጣት አክስቷ ቤት ተደብቃለች፤ ወታደሮቹ ይፈልጓታል። የመከር ወራት ሲደርስ ባዶ ጆንያ የጫነ መኪና ወደ ጠረፍ ይሄዳል። መኪናው ጎማ የለውም፤ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ጫኚዎቹ የጆንያውን እስር ሲደረድሩ መካከሉ ላይ ጉልበቱን ያቀፈ ሰው የሚያህል ክፍተት ይተዋሉ። ልጅቷ እዚያ ውስጥ ትገባለች፤ በላይዋ ላይ ጆንያ ይጫንባታል፤ ከጨለማው ውስጥ ዓይኗ ብቻ ይታያል። በሚቀጥለው ሳምንት።

መጽሔቱን ዘጋሁና ፍራሽ ሥር ከተትኩት። ቤት ውስጥ ግን ከኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ፣ አክስታችን ቤት ተደብቃ ነበር። ከጎንደር በታች ወደ ሱዳን ጠረፍ ሰሊጥ ሊጭን የሚወርድ አንድ የጭነት መኪና አለ፤ ሲወርድ ባዶ ጆንያ ይዞ ነው። እኔ ከአገር የወጣሁት በዚያ ጆንያ መካከል፣ ጉልበቴን አቅፌ ነው። እህቴም መስቀል አልፎ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ በዚያው ሾፌር፣ በዚያው ክፍተት ልትወጣ ቁርጥ ነበር። መልእክት የሚያመላልስልን ነጋዴ ይህን ነግሮኝ ተመልሷል፤ ዳግመኛ የሚመጣው ከገና በኋላ ነው። ደብዳቤ ይከፈታል፤ ስልክ ይጠለፋል። ስለዚህ «ቆዪ፣ አትውጪ» የምልበት መንገድ አልነበረኝም። ከእህቴ፣ ከአክስታችንና ከሾፌሩ ሌላ ምሥጢሩን የሚያውቁ ሰዎች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ፤ ባለ አምስት ጣቱን እጅ ማለቴ ነው። ከእነሱ መካከል ለንደን ያለነው ሦስት ነን።

አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ጋሼ ናቸው። አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ፣ አሁን ሰቨን ሲስተርስ የሚባል ሰፈር አንዲት የመንግሥት ኪራይ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ። ሦስተኛው ተማሪው ነው። ተማሪ ያልነው እኛ ነን እንጂ መማር ከተወ ቆይቷል፤ ሆቴል ውስጥ ሳህን ያጥባል፤ በትርፍ ጊዜው ሰው ይጠረጥራል። ሦስታችንም በዚያ ሾፌር እጅ ያለፍን ነን። እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ታዲያ ለመጽሔቱ ማን ነገረው?

እሑድ እሑድ በተውሶ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካስቀደስን በኋላ ጋሼ ቤት ሻይ እንጠጣ ነበር። መጽሔቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ከእኛ ሌላ ሃክኒ ሰፈር ልብስ ስፌት የምትሠራ አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ባሏ አገር ቤት ታስሯል። ስለ ጆንያው እሷ ፊት ማውራት ስለማልችል መጽሔቱን ዝም ብዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ ያዩት ሥዕሉን አይደለም። መጨረሻ ገጽ ላይ ወርደው በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ጀመሩ።

«አሳታሚው ማነው? እንዲታተም የፈቀደው ማነው?»

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ፈቃድ አይጠየቅም እኮ» አልኳቸው።

«እሱን የሚሉት እነሱ ናቸው» አሉኝ።

ተማሪው ከእጃቸው ቀማ አድርጎ ገለጠው። ሲያነብ መንጋጋው ይታየኛል። «ፕላኔት!» አለ። «ፕላኔት ነው የሚለው? እኛ አገር ቤት ጋዜጣ ላይ ስለ ቡና በሽታ ስንጽፍ ስለማን እንደምንጽፍ የማያውቅ ነበር? ሁለት ፀሐይ አድርጎ ሊሸውደን ነው?» ቀና ብሎ መጀመሪያ ጋሼን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

ሴትዮዋ ስለ ጆንያው ምንም አታውቅም፤ ቢሆንም የራሷን አገኘች። ሥዕሉ ላይ ያለችውን አክስት በጣቷ ነካቻት። «ይቺ ሻሽ ያሰረችበት አስተሳሰር የኛ ነው» አለች። ከዚያ ስድስት ጣት ያላቸው ወታደሮች የቆሙበትን ግቢ ዓይኗን አቅርባ አየች። «ይህንንም በር አውቀዋለሁ። ስንቅ የማቀብለው በዚህ በር ነበር። ይህን የሣለ ሰው ገብቶ አይቷል፤ ወይ የገባ ሰው ነግሮታል።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን እንባውም ውስጥ ሆና ማን ሊሆን እንደሚችል ታሰላ ነበር።

ሻዩ ቀዘቀዘ። አንዳችን ሲናገር ሌሎቻችን አፉን እናያለን። ስንለያይ ጋሼ ከልማዳቸው ውጪ እስከ ደረጃው ሸኙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ ከማን ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?» አሉኝ። አንድ ዳኛ ተከሳሽን እንዴት እንደሚጠይቅ ያን ቀን አየሁ። በጣም ከፋኝ።

ሁለተኛው ቁጥር ወጣ። የሚንሳፈፈው መኪና ጉዞ ጀምሯል፤ ከፊቱ ኬላዎች እንዳሉ ካርታ ሠርተው አሳዩን። በየሳምንቱ አንድ ኬላ ሊያስነብቡን ነው ማለት ነው። በዚያው ሳምንት፣ ኤምባሲ ይሠራል ተብሎ የሚታማ፣ ሁልጊዜ ጋዜጦች ብቻ የሚገዛ አንድ ባለ ክራቫት ያገሬ ሰው መጣ። ጋዜጦቹን ሰበሰበ፤ እጁን ዘርግቶ መጽሔቱንም ጨመረ። «ለልጄ ነው» አለኝ በአማርኛ፣ ሳልጠይቀው። ልጅ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። መልሱን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሰጠሁት።

ታሪኩን የምናስቆምበትን መላ ሳያውቅ ያሳየኝ ቆጵሮሳዊው ነው። ልጆች ከመጽሔቱ የኋላ ገጽ ላይ አንድ ኩፖን እየቆረጡ ሲሞሉ አይቼ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። አንባቢዎች ታሪኮቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ያስቀምጣሉ፤ አዘጋጆቹ ይቆጥሩታል፤ መጨረሻ የሚወጣው ታሪክ ይቋረጣል፤ በቦታው ሌላ ይገባል። እንዲህ ነው የሚሠሩት አለኝ። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። መንግሥት ማውረድ ያልቻልን ሰዎች አንድ ኮሚቴ በመቀስ ልናወርድ ነው።

እሑድ ተሰበሰብን። ለሴትዮዋና ለሌሎቹ ምእመናን ታሪኩ አገራችንን ያዋርዳል አልናቸው፤ እሱም ይበቃ ነበር። ሁሉም መጽሔቱን ገዛ። ሽበት ያወጡ ሰዎች ጋሼ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ኩፖን በመቀስ ሲቆርጡ ለሚያይ ያስቃል፤ ለእኛ ግን የሞት የሽረት ነበር። ኩፖኑ ስም፣ ዕድሜና አድራሻ ይጠይቃል፤ ሽልማት በዕጣ ስለሚወጣ ነው ይላል። እዚህ ላይ መቀሱ ሁሉ ቆመ።

«ሙሉና ስጡኝ፣ እኔ አንድ ላይ ፖስት አደርገዋለሁ» አልኩ።

ተማሪው ከወንበሩ ተነሣ። «አንድ ሰው ነው የሚሰበስበው? ቀበሌም እንደዚህ ነበር የሚያደርገው። ማን ምን እንዳለ አንቺ ቼክ ልታደርጊ ነው? የለም፣ እያንዳንዱ ቤቱ ሞልቶ ራሱ ፖስት ያድርግ።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ማለፊያ ሐሳብ መስሏቸው ነበር። እኔም ልከራከር አልቻልኩም፤ ብከራከር የባሰ ልጠረጠር ነው። እያንዳንዱ ኩፖኑን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

እኔ ዕድሜዬን አሥራ አንድ ብዬ ሞላሁ። የፕላኔቱን ታሪክ ከሁሉ መጨረሻ አደረግኩት፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «አሰልቺ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጸልዬ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውጤቱ በአንባቢዎች ገጽ ላይ ወጣ። እሽጉን ፈትቼ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። የፕላኔቱ ታሪክ ከሁሉም አንደኛ ወጥቷል። አዘጋጁ ደስታውን መያዝ አቅቶታል። በተለይ የሰሜንና የምሥራቅ ለንደን አንባቢዎች ታሪኩን እንዲህ እንደሚወዱት አላወቅንም ነበር ይላል። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ታሪኩ በመካከለኛው ገጽ፣ በቀለም ይወጣል። የመጽሔቱ በዕድሜ ትልቁ አንባቢ የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው መሆናቸውን ስንገልጽ በኩራት ነው፤ እኒህ ሰው «ታሪኩ እጅግ በጣም ጥሩ ነው፤ ለአዘጋጆቹ ረጅም ዕድሜና ጤና እመኛለሁ» ብለውናል፤ ካናቴራ ተሸልመዋል።

ረጅም ዕድሜና ጤና። ኮሚክ ለሚያዘጋጅ ሰው ይህን የሚመኝ እንግሊዝ የለም። ማን እንደጻፈው አንድ ደቂቃም አላሰብኩም፤ ከሥራ እንደወጣሁ ወደ ሰቨን ሲስተርስ አውቶቡስ ያዝኩ።

ጋሼ በር ሲከፍቱልኝ መጽሔቱን እጄ ላይ አዩት። ገቡና ተቀመጡ። ሽልማቱ ካናቴራ ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አልፈቱትም።

«እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ።»

«እህቴን እያወቁ?»

«መጨረሻ ብዬ ልሞላ ነበር፣ ልጄ። እስክሪብቶውን አንሥቼ ነበር። መጀመሪያ ስሜን ጻፍኩ። አድራሻዬን ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ።» እጃቸውን የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ አገላብጠው አዩት። «ስምና አድራሻውን ጽፎ 'አልወደድኩትም' ያለ ሰው አውቃለሁ። ከእኔ ጋር አንድ ቢሮ ነበርን። በማግስቱ ወንበሩን ወሰዱት፤ ሰውየውን የወሰዱት ሌሊቱን ነው።»

«ይህ እኮ የልጆች መጽሔት ነው፣ ጋሼ!»

«አውቃለሁ። ደግሞስ ያንቺን ዱካ በኔ በኩል ቢያገኙትስ ብዬ ፈራሁ። ላንቺና ለእህትሽ ብዬ ነው ያመሰገንኩት።»

በጣም ተናደድኩ። ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ባይሆኑ ኖሮ መጽሔቱን ፊታቸው ላይ እወረውረው ነበር። ወዲያው ደግሞ አሳዘኑኝ፤ ማዘኔም ራሱ አናደደኝ። ሌሎቹንም ተራ በተራ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ እየሳቀችም እያለቀሰችም አንደኛ እንዳደረገችው አመነች። የቀሩት ማሉ፤ መሐላቸው ግን ቁጥሩን አልቀየረውም። ተማሪው መጨረሻ ብዬ ነው የላክሁት አለ፤ ስምና አድራሻ ግን አልጻፍኩም አለ። ስም የሌለው ኩፖን እንደማይቆጠር ስነግረው «አንቺስ? መጨረሻ ማለትሽን ማን አየ?» አለኝ። ማንም አላየም።

በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው «አዘጋጁ ዘንድ በሽምግልና እንሂድ» አሉ። ሙሉ ልብሳቸውን ለበሱ፤ ከሱቁ ለአንድ ጠዋት ፈቃድ ወስጄ ተከተልኳቸው። ቢሮው በደረጃ የሚወጣበት፣ ቀለምና ሲጋራ የሚሸት ቦታ ነው። አዘጋጁ ጸጉሩን ያስረዘመ ወጣት ነበር። ትልቁ አንባቢ በአካል መምጣታቸውን ሲሰማ ተነሥቶ ሊያቅፋቸው ምንም አልቀረው። ወንበር ሳበላቸው። ጋሼ አልተቀመጡም። ሽማግሌ ለልመና ሄዶ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ እኔም ከጎናቸው ቆምኩ። ልጁ ደግሞ ወንበሩ ቆሽሾ መሰለው፤ በእጁ አራገፈላቸው፤ ሌላ አመጣ፤ ሻይ አዘዘ። ጋሼ ሻዩንም አልነኩም። እሱም እኛን አይቶ ቆመ፤ ሦስታችንም ቆመን ቀረን።

«ልጅቷን ከጆንያው ያውጡልን» አሉት ጋሼ በዚያ በፍርድ ቤት እንግሊዝኛቸው። «በእግሯ ያስኪዷት። በጀልባ ያሻግሯት። በጆንያ መካከል ግን አይሁን፤ እንለምንዎታለን።»

ልጁ ፈገግታው ሳይጠፋ «ለምን?» አለ።

እዚህ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን። ለምን የሚለውን ከመለስን የቀረውን የነገርነው እኛ ነን። እሱ ዝምታችንን አክብሮት አድርጎ ቆጠረውና ስለ ደራሲው ሊያጫውተን ጀመረ። ታሪኩን የሚጽፈው ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ በአንዲት የባሕር ጠረፍ ከተማ ይኖራል፤ ከእንግሊዝ ወጥቶ አያውቅም። ልጅ ሳለ አባቱ ድንች ያከማቹ ነበር፤ ከወንድሞቹ ጋር ድብብቆሽ ሲጫወት የሚደበቀው በጆንያ እስር መካከል ነበር። ሐሳቡን ያገኘው ከዚያ ነው። የሚቀጥሉት ገጾች ደግሞ አስቀድሞ ተሥለው አልቀዋል፤ ማተሚያ ቤት ገብተዋል፤ ምንም ማድረግ አይቻልም። በእጁ ወደ ግድግዳው አመለከተን።

ግድግዳው ላይ ገጾቹ በእስፒል ተሰክተው ነበር። በአንደኛው ላይ ስድስት ጣት ያለው ወታደር ጫፉ የሚያበራ ዘንግ ይዞ ኬላ ላይ ቆሟል። በሚቀጥለው ሥዕል ዘንጉን በጆንያዎቹ መካከል ይሰድዳል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አጣጠፉ። ሳይቀመጡ ተሰናብተው ወጡ።

«ድንች» አሉኝ ደረጃውን ስንወርድ። «ድንች ነው ያለው?»

«ድንች ነው ያለው።»

«የተዘጋጀ መልስ ነው» አሉ። እኔም አላመንኩትም። ከአውቶቡስ ስንወርድ ግን ጋሼም እኔን እንዳላመኑኝ፣ እኔም እሳቸውን እንዳላመንኳቸው ሁለታችንም አውቀነዋል።

መስቀል አለፈ። የኬላው ገጽ በቀለም ወጣ፤ የዘንጉ ጫፍ ሰማያዊ ነው። የፕላኔቷ ልጅ ትከሻዋን ጠጋ አድርጋ ታመልጣለች፤ የኛ ሰፈር ልጆች ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው አንብበው አጨበጨቡላት። እኔ ባንኮኒው ሥር ወርጄ የወደቀ ሳንቲም የምፈልግ መስዬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከቆጵሮሳዊው ቀድሜ አነሣ ነበር። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከካርቱም ተደወለ። የእህቴ ድምፅ ነበር። «ደርሻለሁ» አለች፤ መስመሩ ተቋረጠ። ሱቁ መካከል ተንበርክኬ ወለሉን ሳምኩ። ቆጵሮሳዊው በሩን ዘግቶ እስክነሣ ጠበቀኝ።

ለንደን የገባችው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ኤርፖርት ስትወጣ ከሲታ ሆናለች፤ ሻንጣዋን በቀኝ እጇ ብቻ ትጎትታለች። ቤት ደርሰን ሹራብ ሳለብሳት ግራ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልነሣ አለ። ከትከሻዋ ሥር፣ ከጀርባ በኩል፣ አንድ ጠባሳ አለ፤ ክብ ነው።

«ኬላው ላይ ብረት ሰደዱብኝ» አለች። «ድምፅ አላሰማሁም። ብረቱን ሲያወጡት በጆንያው ጠራረግኩት፤ ደሙን እንዳያዩት። ሾፌሩ በኋላ ምን አለኝ መሰለሽ? ከዚያ በፊት እንዲህ አያደርጉም ነበር አለኝ። በዚያ ዓመት ነው የጀመሩት።»

እውነቷን ነው። እኔ ሳልፍ ጆንያውን በጥፊ መታ መታ አድርገው ነበር ያለፉት። ሹራቡን አለበስኳትና ሾርባ ላሞቅ ወጣሁ። መጽሔቶቹ አልጋዬ ሥር ነበሩ። መጣል ነበረብኝ፤ አልጣልኳቸውም፤ ማስረጃ ናቸው ብዬ ነበር፤ የምን ማስረጃ እንደሆኑ ግን እኔም አላውቅ።

ከሥራ ስመለስ አገኘችው። እንግሊዝኛ አታነብም ነበር፤ ማንበብም አላስፈለጋትም። የመካከለኛውን ገጽ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስድስቱን ጣቶች አላየቻቸውም፤ ሁለቱንም ፀሐይ አላየቻቸውም።

«ይህ መቼ ነው የወጣው?»

ነገርኳት።

«እኔ ከመውጣቴ በፊት።»

«ከመውጣትሽ በፊት ነው።»

«ማን ነገራቸው?»

«ማንም አልነገራቸውም» አልኳት። «የጻፈው አንድ ሽማግሌ ፖስተኛ ነው። ልጅ ሆኖ በአባቱ የድንች ጆንያ ውስጥ ይደበቅ ነበር። ከዚያ ነው ያመጣው።» ራሴ ያላመንኩትን ነገር ለእህቴ ስናገር ድምፄ ተለወጠብኝ። በዚያች ሰዓት እውነት ይሆን ዘንድ ምን ያህል እንደተመኘሁ እግዚአብሔር ያውቃል። ዛሬ ሳስበው እውነት ይመስለኛል። ወታደርም ቢሆን ባዶ ጆንያ አይቶ ብረት መስደድ ማንም ሳያስተምረው ሊመጣለት ይችላል። ግን ያን ቀን እንዲህ አድርጌ መናገር አልቻልኩም፤ ድንች ድንች ብቻ እላለሁ።

እህቴ ሰምታ ስትጨርስ መጽሔቱን አጠፈችው።

«የምትሠሪበት ሱቅ ይህን ነው የሚሸጠው፣ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መጽሔቱን ከነበረበት መለሰችና ራት እንብላ አለች።

አልተጣላንም። አብረን ኖርን፤ ስታገባ እኔ ነኝ የዳርኳት፤ ልጆቿን ያሳደግነው አብረን ነው። የመንገዱን ነገር ለኢሚግሬሽን ሰዎች ሙሉ ቀን ተቀምጣ ተናግራለች። ለጋሼም ሳይሞቱ ነግራቸዋለች፤ ለሃክኒዋ ሴትዮ ነግራታለች። እያንዳንዱን ኬላ፣ ጆንያው እንዴት እንደሚሸት፣ ብረቱ ሲገባ ምን እንዳሰበች ሌሎች ሰዎች ያውቃሉ። እኔ የማውቀው መጀመሪያ ቀን ሹራብ ሳለብሳት የነገረችኝን ብቻ ነው።

አንድ ፋሲካ ዳቦ ይዤ ቤቷ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ትልቋ ልጇ «እማዬ፣ እና ጆንያው ውስጥ ሆነሽ ምን አሰብሽ?» ስትላት ሰማሁ። እህቴ መናገር ጀምራለች፤ ድምፅዋ ሞቅ ያለ፣ ለኔ ተጠቅማበት የማታውቀው ድምፅ ነው። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ» አለቻት ለልጇ፤ ዳቦውን ልትቀበለኝ ተነሣች።